ከዱቄት የተሠራ በሬ

ሰው ሁሉ ጠመኔ ይለዋል፤ እኔ ደግሞ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መሞነጫጨሪያ ነው። የኔው ፓስቴል ነው፤ ንጹሕ የቀለም ዱቄት ከጥቂት ሙጫ ጋር ተለውሶ እንደ ጣት የተድበለበለ። ውሃ አይፈልግ፣ ብሩሽ አይፈልግ፣ ይድረቅ ተብሎ አይጠበቅ። ወረቀቱ ላይ ጫር አድርገው በጣት ሲያሹት እንደ ሰው ቆዳ ይለሰልሳል። ጋምቤላ ውስጥ በዘይት ቀለም ለመሳል የሞከረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ሥዕሉ እስኪደርቅ ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያው የባሮ ትንኝ ሁሉ መጥቶ ይለጠፍበትና ባዶ የነበረው ሰማይ ያልሳሉትን የወፍ መንጋ ይዞ ይገኛል።

ፓስቴል ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ዱቄት ሆኖ መጥቶ ዱቄት ሆኖ ይኖራል፤ መቼም ቢሆን ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ አይቀርም። ክርን ካረፈበት ወይም ሕፃን በእጁ ከዳበሰው አለቀለት። ለዚህ ነው መስታወት የሚገባለት። ይህን ጠባዩን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ስናገር እኖራለሁ። ለጎረቤቴ ለኛላም ብቻ አልነገርኩም።

ሺታዬ እባላለሁ። አባቴና እናቴ በሰባ ሰባት ከወሎ ተነሥተው በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ ዛሬም በቆሎና ማሽላቸውን ያርሳሉ። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ከመኮትኮት መሞነጫጨር ይሻለኛል ብዬ ጋምቤላ ከተማ ገባሁ። የፀጉር ቤትና የምግብ ቤት ማስታወቂያ ስጽፍ ቆየሁ፤ አንዲት የእርዳታ ሠራተኛ ሥራዋን ጨርሳ ስትሄድ አንድ ሳጥን ፓስቴል ትታልኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቀለም ዓይኔን አይሞላም።

ጎረቤቶቼ ጋትኩዋትና ሚስቱ ኛላም ናቸው። ጋትኩዋት የእርዳታ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ኮፍያው ከራሱ ላይ የሚወርደው ለጸሎት ብቻ ነው። ኛላም ደግሞ የጽዳት አባዜ ያለባት ሴት ናት። ግቢዋ ጠዋትና ማታ ይጠረጋል። በበጋ የኢታንግ መንገድ አቧራውን ሲያነሣው እንግዳ ሳይቀመጥ ወንበሩን ታብሳለች፣ በሩን ታብሳለች፣ የልጆቹን ፊት ታብሳለች። አንድ ቀን ቆመን ስናወራ ወሬዋን ሳታቋርጥ ትከሻዬን ስትጠርግልኝ ይዣታለሁ።

ያን ሰሞን የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ወደ ከተማችን መጡ፤ ጋትኩዋትም አባቱን ከኩሌ የስደተኞች መጠለያ አመጣቸው። አባባ ዱዎፕ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ጎረምሳ ሳሉ በምላጭ የተሰመረላቸው የወንድነት መስመር ግንባራቸውን ከጆሮ እስከ ጆሮ ይዞራል። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ከጋረደው ዓመታት አልፈዋል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ፀሐይ መውጣቷን ያውቃሉ፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ዘመዱ ሁሉ ዘመቻው መጣልን ብሎ ተደሰተ። እሳቸው እምቢ አሉ።

"ምን ልይ ብዬ?" አሉ በኑዌርኛ፤ ጋትኩዋት ይተረጉምልኛል። "የሸራ ቤት ልይ? ከብቴ ድንበር ማዶ ቀረ። ኩዌ የለም። ዓይን ምን ያደርግልኛል?"

ኩዌ በሬያቸው ነው። የኑዌር ጎረምሳ ግንባሩ ሲሰመር በሬ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ እኩዮቹ በበሬው ስም ይጠሩታል፣ እሱም ለበሬው ይዘፍንለታል። የአባባ ዱዎፕ በሬ ገላው ጥቁር፣ ፊቱ ላይ ነጭ ያለበት ነበር፤ ባሮ ዳር ዛፍ ላይ ተቀምጦ ዓሣ የሚጠብቀውን ባለ ነጭ ራስ ንስር ይመስላል። አንዱ ሲያረጅ ያንኑ የመሰለ ሌላ እየተኩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያለ ኩዌ ኖረው አያውቁም። የመጨረሻው በጦርነቱ ሲሸሹ ማዶ ቀረ። ዘንድሮ የማን ድስት ውስጥ እንደገባ እግዜር ይወቀው።

ለመኗቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር መጥተው ለመኗቸው። ኛላም አለቀሰች። ሽማግሌው ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ እንደ ምሰሶ ተገትረው "መልሱኝ" ብቻ ይላሉ። እኔ ልመና አልወድም፤ ሳየውም ያናድደኛል። ከአጥሩ ወዲያ ቆሜ ስሰማ ትዕግሥቴ አለቀና ዘልዬ ገባሁ።

"አባባ ዱዎፕ፣ እኔ ኩዌን ባሳይዎትስ?"

ጋትኩዋት ተረጎመ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

"በሥዕል" አልኩ። "እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እስላለሁ።"

እንዲህ አሉ፦ "ጥሩ። ዓይኔ ሲከፈት መጀመሪያ የማየው እሱን ይሁን። የሐኪም ፊት አላይም፣ የልጄን ፊት አላይም። ኩዌ ካለ ዓይን አለኝ ማለት ነው። ከሌለ ወደ ኩሌ ትመልሱኛላችሁ።"

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። እናቴ ነገሩን በስልክ ስትሰማ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቄ ቀረ። ሕክምናው ባይሳካስ? ያችን የቀረቻቸውን ብርሃንና ጥላ እንኳ ቢያጡስ? እምቢ ብለው የነበሩትን ሰውዬ ወደ ቢላዋ የላኳቸው ሐኪሙም ልጃቸውም አይደሉም። እኔ ነኝ፤ በአፌ።

ማንጎው ሥር ተቀምጠን ሥራ ጀመርን። እንዲህ ያለ ሞዴል ገጥሞኝ አያውቅም፤ በሬው የለም፣ ያየው ሰው አያይም፣ አስተርጓሚው ሾፌር ነው። ጋትኩዋት ከልጅነቱ የሚያስታውሰውን ጣልቃ ሲያስገባ አባቱ "አንተ ስለ በሬ ምን ታውቃለህ? መኪና ነህ" ይሉታል። ቃሉ አልበቃ ሲላቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። አውራ ጣታቸውን ፀጉሬ መነሻ ላይ አሳርፈው በቀኝ ዓይኔ ላይ አሳልፈው እስከ አገጬ ሳቡት።

"ነጩ በዚህ ነው የሚያልፈው። ቀኝ ዓይኑ ነጩ ውስጥ ነው፣ ግራ ዓይኑ ጥቁሩ ውስጥ። ወሰኑ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ነጩን በግራ ካደረግሽው የሌላ ሰው በሬ ነው።" ከዚያ ግራ ቀንዱን አሳዩኝ፤ ጥጃ ሳለ ተቆርጦ ወደ ግንባሩ እንዲታጠፍ የተደረገ ነው። ቀኙ እንደፈለገ ያደገ።

ጥቁሩን እየደራረብኩ፣ ከሥሩ ትንሽ ሰማያዊና ቡናማ እየሰጠሁ፣ በጣቴ አሸሁት። ጎኑ ላይ የላብ ወዝ እስኪወጣ አሸሁት። ነጩን ግን አላሸሁትም። ነጭ ፓስቴል የመጨረሻ ነው፤ ጫን ተደርጎ አንዴ ይሰመርና ይተዋል። ያልታሸ ነጭ ከወረቀቱ ብድግ ይላል። ሲያልቅ ራቅ ብዬ አየሁት፤ ያ በሬ ወረቀቱ ውስጥ ሆኖ ያየኝ ነበር። አልዋሽም፣ በራሴ ኮራሁ።

መስታወት ቆራጩ ለቅሶ ሄዶ ሱቁ ተዘግቷል። ዱቄቱን የሚያስይዝ የሚረጭ ነገር ነበረኝ፤ እሱ ደግሞ ነጩን ያደፈርሰዋል፣ የሰውየው ነገር በሙሉ ያለው ነጩ ላይ ነው። ስለዚህ ስስ ወረቀት አልብሼ ለጋትኩዋት ሰጠሁትና "አትንኩት፣ አትደገፉት፣ አትተንፍሱበት" አልኩት። ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጦ አባቱን ለማስታመም ወደ ሆስፒታል ሮጠ። የቀኝ ዓይናቸው በዚያው ቀን ተሠራ።

በማግስቱ ጠዋት የሆስፒታሉ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ነርሱ ዘርአብሩክ እየዞረ ይፈታል፣ ጣቱን እያሳየ ያስቆጥራል፣ እልልታ ከዚህም ከዚያም ይሰማል። አባባ ዱዎፕ ዘንድ ሲደርስ ጋትኩዋት "ቆይ ወንድሜ፣ እንጸልይ" አለው። ኮፍያውን አውልቆ ጸለየ። ጸሎቱ ረዘመ፤ ዘርአብሩክ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አሜን ተባለ። ጋትኩዋት ኮፍያውን መልሶ መድፋት ረስቶ በእጁ እንደጨበጠው ቀረ።

ፋሻው ተፈታ። ሽማግሌው ሁለቱንም ዓይናቸውን ጥርቅም አድርገው ጨፍነዋል።

"ኩዌስ?" አሉ።

ኛላም ከቤት ያመጣችውን ሥዕል ከስሱ ወረቀት አውጥታ፣ ፊቱን ወደ እሳቸው እንዳዞረች አቀበለችኝ። እኔም ደረቴ ላይ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። እኔ የማየው የሥዕሉን ጀርባና የሽማግሌውን ፊት ብቻ ነው። ዘመዶቹም የሳቸውን ፊት ለማየት ብለው ከኋላዬ ተኮልኩለዋል። ዘርአብሩክም ከጎናቸው ጎንበስ ብሎ ዓይናቸውን ነው የሚጠባበቀው።

"ይኸው አባባ" አልኩ። "ኩዌ ነው።"

ዓይናቸውን ገለጡ። ቀስ ብለው ነው የገለጡት። እኔ እልልታውን እየጠበቅሁ ነው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቅንድባቸው ተሰበሰበ፣ አንገታቸውን ወደፊት ሰገግ አደረጉ። ከዚያ በዝግታ የሆነ ነገር ተናገሩና መልሰው ጨፈኑ።

ወደ ጋትኩዋት ዞርኩ።

"ምን አሉ?"

"ጉም ነው አለ።" ጋትኩዋት ኮፍያውን በእጁ ጨመደደው። "የበሬ ጥላ አለ፤ ወሰን የለውም፤ ነጩም ጥቁሩም አንድ ላይ ነው አለ። እንደ ድሮው ነው አለ።"

ዘርአብሩክ "አይሆንም፣ ሥራው እኮ በደንብ ነው የተሠራው" አለ። "አባባ፣ እስቲ ይግለጡት፣ ጣቴን ይቁጠሩልኝ" ቢል ሽማግሌው ንቅንቅ አላሉም። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው "መልሱኝ" አሉ። ይህችን በአማርኛ ነው ያሏት፤ ለኔ እንድትገባኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች።

ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ። ሽማግሌው ጨለማቸውን ለምደው ተቀምጠው ነበር። ተስፋ ያልነበራቸውን ሰው ተስፋ ሰጥቼ ነጠቅኋቸው። ሥዕሉን መያዝ አቃተኝና አጠገባቸው ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው አጋደምኩት። ያኔ ነው ያየሁት።

መጀመሪያ እንባዬ መሰለኝ። ዓይኔን በክንዴ አበስኩ። ሥዕሉ ግን እንደዚያው ነው። የታጠፈው ቀንድ ከግንባሩ ጋር ተደባልቋል። በቢላዋ የተቆረጠ የሚመስለው ወሰን የለም። ነጩ ጥቁሩ ላይ ፈስሶ፣ ጥቁሩ ነጩን ለውሶ፣ ያ ኩሩ በሬ ሙሉውን ግራጫ ሆኗል። እውነትም ጉም ነው።

"ኛላም!"

"አቤት እህቴ።"

"ይህን ሥዕል ምን አድርገሽው ነው?"

"ምንም።" ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። "አቧራ ነበረው፤ ጠረግሁት።"

"ጠረግሽው?"

"በንጹሕ ጨርቅ ነው" አለች፤ በቆሸሸ ጨርቅ ነው ብዬ የጠረጠርኳት መስሏት ቅር ብሏታል። "አባት መጀመሪያ የሚያየው ነገር አቧራ አለው፤ አሳፈረኝ። ደግሞ ብዙ አቧራ ነው፣ ጨርቁ ሁሉ ጠቆረ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የጠረግሁት። ትንሽ ደበዘዘ፣ ግን ንጹሕ ሆነ።"

በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ጸጉሯን እነጭ ነበር። ያን ቀን አንገቷን አቅፌ ሁለት ጉንጯን ሳምኩት። ጉሙ ሥዕሉ ላይ ከሆነ እኮ ዓይናቸው ላይ አይደለም! ሽማግሌው ያዩት ያለውን ነው፤ አንድም ሳይጨምሩ አንድም ሳይቀንሱ ነው የነገሩን። ሥዕሉን አንሥቼ ለዘመዱም ለዘርአብሩክም አዞርኩላቸው። ዘርአብሩክ አይቶት ሲያበቃ ግድግዳ ተደግፎ ይስቅ ጀመር። ጋትኩዋት ወደ አባቱ ጆሮ ጎንበስ ብሎ በፍጥነት አስረዳቸው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ምን ይላሉ?"

"ሽማግሌ እንደ ልጅ አታባብሉ አለ። አልገልጥም አለ።"

"በግድ እንዳትነኳቸው" አለ ዘርአብሩክ ሳቁን ውጦ። "ቁስሉ ገና ነው።"

ሌላ ሰው ቢሆን መለመን ይጀምር ነበር፤ እኔ ግን ልመና አልወድም ብያለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ፓስቴል አይጠፋም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ሥዕሉን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ፣ ጥቁሩን አወጣሁና ጫር፣ ጫር ማድረግ ጀመርኩ። ሽማግሌው ጆሯቸውን አቀኑ።

"ቀንዱን እየመለስኩ ነው በላቸው" አልኩት ጋትኩዋትን። "ግራው ወደ ግንባሩ ታጠፈ።"

ተረጎመ። አገጫቸው ትንሽ ወረድ አለ፣ ልክ ነው እንደማለት።

ነጩን አወጣሁ። ከግንባሩ ጀምሬ፣ በቀኝ ዓይኑ ላይ አሳልፌ፣ እስከ መንጋጋው አንድ ጊዜ ጫን አድርጌ ሳብኩት። አላሸሁትም።

"አሁን ደግሞ ነጩን በግራ ዓይኑ ላይ አደረግሁት በላቸው።"

ጋትኩዋት ሥዕሉን አየና "ግራ አይደለም እኮ" አለኝ።

እግሩን ረገጥኩት። "ተርጉም!"

ተረጎመ። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሳያልቅ ሽማግሌው ከወንበራቸው ተስፈነጠሩ።

"አይደለም!" ጮኹ በአማርኛ። "ቀኝ! ቀኝ ነው! ግራ አይደለም!" እጃቸው ተወርውሮ አንጓዬን ጨመቀው። ዓይናቸውም ተበርግዷል፤ በቁጣ ተበርግዶ ሥዕሉ ላይ ተተክሏል።

ቁጣው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቆመ። ነጩ ያለው በቀኝ ነው። ወሰኑም በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። አውራ ጣታቸውን አንሥተው፣ ማንጎው ሥር ፊቴ ላይ እንደሳቡት፣ ከበሬው ግንባር እስከ መንጋጋው ሳቡት። ሥዕሉ እንደገና ተበላሸ፤ ምን ቸገረኝ። ጣታቸውን አቅርበው አዩት። ነጭ ሆኗል። በነጩ መሀል የጣታቸውን ቀጫጭን መስመር አንድ በአንድ ሲከተሉት ይታየኛል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ውሸታም" አሉኝ በአማርኛ። እንዲህ ያለ ምርቃት አግኝቼ አላውቅም።

"እስቲ ይህ ስንት ነው አባባ?" ዘርአብሩክ ጣቶቹን ዘረጋ።

"ሦስት ነው" አሉት በልጃቸው አፍ። "ዝቅ አድርገው፤ በሬዬን ጋረድከው።"

እፎይ! ወንበሩን ተደግፌ በረጅሙ ተነፈስኩ። ግቢው በእልልታ ቀለጠ፤ በፋሻ የተሸፈኑት ሳይቀሩ ምን እንደሆነ ሳያዩ እልል አሉ። ኛላም ከእኔ ደረት ላይ ተለጥፋ እየሳቀች ታለቅሳለች። ከሆዴ ላይ የወፍጮ ድንጋይ ተነሣልኝ። አፌም እንኳን አልተቆረጠ አልኩ።

ሽማግሌው በሬያቸውን አይተው ሲጠግቡ ቀና አሉ። ዓይናቸው ከእኔ ወደ ኛላም፣ ከኛላም ወደ ኒሙ ሄደና ከፊታቸው የቆመው ሰውዬ ላይ አረፈ። ሰውየው ኮፍያውን በእጁ ጨብጧል። ብዙ አዩት። አንድ ቃል ጠየቁ።

"ማነህ አለኝ" አለ ጋትኩዋት፤ ለእኛ ነው የሚተረጉመው። ከዚያ ለአባቱ መለሰላቸው። ስሙን ነው ያላቸው።

ዓይናቸው ሲጋረድ ልጃቸው ባለ ጥቁር ፀጉር ጎልማሳ ነበር። አሁን ግንባሩ ላይና ጆሮው ግንድ ላይ ሽበቱ ፈክቷል። ሽማግሌው ዱቄት ባልነካው እጃቸው ጎትተው አጎነበሱት። ሽበቱን በጣታቸው አሹት፤ እንደኔ ዱቄት፣ ይለቅ እንደሆነ። ጣታቸውን አዩ። ንጹሕ ነው። ደግመው አሹት።

"አይለቅም" አሉ በአማርኛ፤ ወደ እኔ ዞረው።

"አዎ አባባ፣ የሱ አይለቅም።"

የልጃቸውን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የነጩ ጣታቸው ዱቄት ሽበቱ ላይ እየቀረ፣ ያለቅሱ ጀመር። ኛላም ጨርቋን አውጥታ እንባቸውን ልትጠርግ ስትጠጋ ዘርአብሩክ እጇን ለቀም አደረጋት።

"ተዪው" አላት። "አትጥረጊው። ይውረድ።"